የሳጉሬ ብርድና የካርዱ ትኩሳት

ጠላ በሚጠመቅበት ቤት ያደገ ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ነገር አለ። ገብሱ ተዘፍዝፎ ውኃውን ከጠጣ በኋላ በቅጠል ተሸፍኖ፣ ድንጋይ ተጭኖበት ሲቀመጥ፣ ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ እጅን ወደ ውስጥ ቢሰዱት ይሞቃል። እሳት አልነካውም፤ ፀሐይም አላየውም። ሙቀቱ የመጣው ከራሱ ከገብሱ ነው፤ ለመብቀል ሲሠራ ይሞቃል። ከልክ በላይ ከሞቀ ደግሞ ይበላሻልና ይገለጣል፣ ይገላበጣል፣ አየር እንዲያገኝ ይደረጋል። እ.ኤ.አ. በ1984 የተቋቋመው የአሰላ ብቅል ፋብሪካም፣ መጠኑ ቢሰፋና መሣሪያው ቢራቀቅ፣ ከዚህ ሕግ አያመልጥም። በብቅል ፋብሪካ ሥራ እርጥቡ ገብስ ቀዳዳ በበዛበት ወለል ላይ ይሰጣል፤ ከሥር በኩል ቀዝቃዛና እርጥብ አየር በትልልቅ ማራገቢያ ይነፋበታል፤ ሙቀቱም ከ20 ዲግሪ በታች እንዲሆን ይጠበቃል። እናቶቻችን በእጃቸው የሚለኩትን ፋብሪካው በቴርሞሜትር ይለካዋል እንጂ ነገሩ አንድ ነው።

ይህን ማንሣቴ ስለ ጠላ ልጽፍ ፈልጌ አይደለም። የምጽፈው ስለ ኮምፒውተር ነው፤ ይበልጥ ለይቼ ለመናገር፣ ስለ አሮጌ ግራፊክስ ካርድ፣ እርሱንም ከተሠራለት ፍጥነት በላይ ስለ ማስሮጥና ስለ ማቀዝቀዝ ነው። የሥነ ጽሑፍ ወዳጅ የሆነው አንባቢ «ይህ ደግሞ ከየት መጣ?» ቢል አልፈርድበትም። ነገር ግን ይህንኑ ጽሑፍ ሲያነብ፣ እያንዳንዱን ፊደል ስክሪኑ ላይ የሚሥልለት ይኸው የግራፊክስ መሣሪያ መሆኑን ያስታውስልኝ። የዱሮዎቹ ካርዶች ለእኛ ፊደል አይመቹም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣው ቪጂኤ የተባለው ሥርዓት በጽሑፍ ገጽታው በአንድ ጊዜ የሚያሳየው በተለምዶ 256 ምልክት፣ ቢበዛ ደግሞ 512 ብቻ ነበር። 33ቱ የፊደል ቤቶች በሰባት ሲባዙ 231 ናቸው፤ ዲቃሎቹ፣ አኃዞቹና ነጥቦቹ ሲጨመሩ በ256ቱ ውስጥ ለላቲኑ ቦታ አይተርፍም። ስለዚህ ከመውጫ መንገዶቹ አንዱ ፊደሉን እንደ ሥዕል በነጥብ በነጥብ መሣል ነበር፤ ይህ ደግሞ ማሽኑን ያደክመው ነበር። የእኛ «ሀ ሁ» ገና ከጅምሩ ለኮምፒውተር ከባድ ሸክም ነበር ማለት ነው።

ወደ ሙቀቱ እንመለስ። በካርዱ ላይ ያለው ቺፕ የሚሠራው በምት ነው፤ እስክስታ ወራጅ ከበሮውን እንደሚከተል፣ በውስጡ ያሉት ሚሊዮን ትራንዚስተሮች ክሎክ የተባለውን ምት ይከተላሉ። አንድ ሜጋኸርዝ ማለት በሰከንድ አንድ ሚሊዮን ጊዜ መምታት ነው። ከበሮ መቺው ምቱን ቢያፈጥን እስክስታው ይፈጥናል፤ ወራጁም ያልበዋል። ኦቨርክሎክ ማድረግ የሚባለው ይኸው ከበሮውን ማፍጠን ነው። ሙቀቱ ከምቱ ጋር እኩል ያድጋል፤ ምቱን በ10 በመቶ ያፈጠነ ሰው ሙቀቱንም በዚያው ልክ ጨመረ። ነገር ግን ቺፑ የፈጠነውን ምት መከተል ሲያቅተው ብዙውን ጊዜ ቮልቴጁ ከፍ ይደረግለታል፤ ችግሩም ከዚህ ላይ ነው፤ ሙቀቱ ከቮልቴጁ ጋር የሚያድገው በካሬ ነውና። ምቱም ቮልቴጁም በ10 በ10 በመቶ ቢጨመሩ ሙቀቱ በ33 በመቶ ያድጋል። አንድ እጅ ፍጥነት ለማግኘት ሦስት እጅ ትኩሳት ይከፈላል።

የዚህ ሥራ ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው በክብረ ወሰን አሳዳጆች ነው። ፈሳሽ ናይትሮጅን በ196 ዲግሪ ከዜሮ በታች ቺፑ ላይ ያፈስሳሉ፤ ጉም ይነሣል፤ ፎቶግራፍ ይነሣል። እ.ኤ.አ. በ2011 አንድ የኤኤምዲ ኤፍኤክስ ፕሮሰሰር በፈሳሽ ሂሊየም ቀዝቅዞ 8.429 ጊጋኸርዝ በመድረሱ በጊነስ መዝገብ ሰፈረ። ይህ ሁሉ ለጥቂት ቅጽበት ነው፤ በዚያ ፍጥነት ደብዳቤ የጻፈ፣ ሥዕል የሣለ የለም። እኔ ይህን ታሪክ አልወደውም። ውሸት ስለሆነ አይደለም፤ መጨረሻውን መጀመሪያ አድርጎ ስለሚያወራ ነው።

እኔ መጀመሪያው ሌላ ነው ባይ ነኝ። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1998 ኢንቴል ሴሌሮን 300ኤ የተባለ ርካሽ ፕሮሰሰር አወጣ። ስሙ እንደሚነግረን 300 ሜጋኸርዝ ነበር። ሆኖም የእናት ሰሌዳውን ምት ከ66 ወደ 100 ሜጋኸርዝ ከፍ ሲያደርጉት ፕሮሰሰሩ 450 ላይ ደረሰ፤ ብዙዎቹም ሳይንገራገጩ ሠሩ። 450 ሜጋኸርዝ ደግሞ የዚያን ጊዜው ውድ ፔንቲየም 2 የሚሸጥበት ፍጥነት ነበር። ተማሪውና ደመወዝተኛው በብዙ እጥፍ ዋጋ የሚሸጠውን ነገር በርካሹ አገኘ ማለት ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ በ2000 የወጡት የኤኤምዲ ዱሮንና አትሎን ፕሮሰሰሮች እንዳይነካኩ ተቆልፈው ነበር፤ መቆለፊያው ግን በቺፑ ፊት ላይ የተቆረጡ ደቃቅ መስመሮች ስለነበሩ፣ የተቆረጠውን በተራ እርሳስ ማገናኘት ብቻ በቂ ሆነ። የእርሳስ ግራፋይት ኤሌክትሪክ ያስተላልፋልና! በዓለም ላይ እርሳስ ብዙ ነገር ጽፏል፤ በዚያ ዓመት ደግሞ ፕሮሰሰር ከፍቷል። ይህ የክብረ ወሰን ታሪክ ሳይሆን አዲስ መግዛት የማይችል ሰው ያለውን ያብቃቃበት ታሪክ ነው።

ግራፊክስ ካርዶቹም በዚያው መንገድ ሄዱ። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው የ3ዲኤፍኤክሱ ቩዱ በ50 ሜጋኸርዝ ይሠራ ነበር፤ ማራገቢያ አላስፈለገውም። በ1999 ኤንቪዲያ ያወጣው ጂፎርስ 256 ምቱ 120 ሆነ፤ ጀርባው ላይም ትንሽ ፋን ተቀመጠች። በ2003 የወጣው ጂፎርስ ኤፍኤክስ 5800 አልትራ 500 ሜጋኸርዝ ሲደርስ የሁለት ካርድ ቦታ የሚይዝ ማቀዝቀዣ ተጫነበት፤ ጩኸቱ እጅግ ከመብዛቱ የተነሣ አምራቹ ራሱ በገዛ ካርዱ የሚያሾፍ አጭር ፊልም ሠራ። በሰባት ዓመት ውስጥ ምቱ ዐሥር እጥፍ አደገ፤ በቩዱ ላይ ያልነበረው ፋን በኤፍኤክሱ ላይ የመሣሪያው ግማሽ አካል ሆነ። በዚያው ዘመን ሩሲያዊው አሌክሲ ኒኮላይቹክ ሪቫቱነር የተባለውን ነፃ ፕሮግራም አሰራጨ፤ የካርዱን ምትና የማራገቢያውን ፍጥነት በአይጥ ጎትቶ መለወጥ ተቻለ። ፕሮግራሙ ተንሸራታች መስመር ነው፤ ወደ ቀኝ ቢስቡት ያፈጥናል፤ ወደ ግራ ቢስቡት ያዘገያል። ወደ ግራ መሳቡን ከውጭ የመጡት መጽሔቶች ብዙም አይናገሩለትም ነበር።

አሁን ወደ አርሲ ደጋ ልውጣ። አሰላ ከባሕር ወለል በላይ 2,430 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሳጉሬ ከእርሷ በስተደቡብ፣ ወደ በቆጂ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች፣ የዲገሉና ጢጆ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። የሳጉሬን ብርድ የማያውቅ ሰው «እንዲህ ባለ አገር ኮምፒውተር እንዴት ይሞቃል?» ሊል ይችላል። ግማሽ እውነት አለው። የኅዳርና የታኅሣሥ ጧት ውርጩ በሣሩ ላይ ሲያንጸባርቅ ማቀዝቀዣ መግዛት ቅንጦት ይመስላል። ግን የደጋ አየር ብርድ ብቻ አይደለም፤ ስስ ነው። በአሰላ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ብቻ ነው። ማራገቢያ የሚነፋው አየርን ነው፤ አየሩ ከሳሳ በአንድ ዙር የሚሸከመው ሙቀት ያንሳል። ስለዚህም ነው አሽሬ የተባለው የአሜሪካ ማቀዝቀዣ መሐንዲሶች ማኅበር ባወጣው መመሪያ፣ በብዙ የኮምፒውተር ክፍሎች ለሚገኘው መደብ ከ900 ሜትር በላይ በየ300 ሜትሩ ከሚፈቀደው የክፍል ሙቀት አንድ አንድ ዲግሪ እንዲቀነስ የሚያዝዘው። አሰላ ላይ ቅናሹ አምስት ዲግሪ ገደማ ይሆናል። ብርዱ የሰጠንን ስስነቱ በከፊል ይወስድብናል።

ለዚህ አንድ የማድ ቤት ምስክር አለ። በአሰላ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ባቄላው ቶሎ አልበስል የሚለውም በዚሁ ምክንያት ነው። አሮጌ ግራፊክስ ካርድ ደግሞ ሥራ ሲበዛበት 95 ዲግሪ መድረሱ እንግዳ ነገር አይደለም። ስለዚህ በሳጉሬ ጌም የሚጫወት ልጅ ከጠረጴዛው ሥር፣ በጎረቤት ምድጃ ላይ ከሚንተከተከው ውኃ የበለጠ የጋለ ነገር አለው ማለት ነው። (የአካባቢው ሯጮች በዚህ ስስ አየር ደማቸውን አበልጽገው ዓለምን ያስደነቁ ናቸው። ካርድ ግን ደም የለውም፤ ከፍታውን አይለምድም።)

ከሙቀቱ ቀጥሎ ያለው ጠላት አቧራ ነው፤ በአርሲ ደግሞ አቧራው ወቅት አለው። ከኅዳር ጀምሮ ኮምባይነሮች ወደ ስንዴው ማሳ ሲገቡ ገለባውና ብናኙ ከተማውን ሁሉ ይለብሰዋል። የኮምባይነር ረዳት የሆነ ሰው የሞተሩ ራዲያተር በገለባ ሲደፈን ምን እንደሚከተል ከማንም መሐንዲስ በላይ ያውቃል፤ ሞተሩ ይግላል፤ ሥራው ይቆማል፤ ባለማሳው ይጮኻል። የካርዱ ሂት ሲንክ የሚሉት ባለብዙ ክንፍ ብረት ከራዲያተር የሚለየው በመጠኑ ብቻ ነው። በክንፎቹ መካከል ያለው ክፍተት ከአንድ የገብስ ቅንጣት ስለማይሰፋ ለመደፈን ጥቂት ወር ይበቃዋል።

በ2003 ዓ.ም. ወደ ሳጉሬ ስሄድ የአክስቴ ልጅ በግቢያቸው ፊት ለፊት ባለች አንዲት ክፍል ጌም ቤት ከፍቶ ነበር። አንድ ጨዋታ በሁለት ብር ነው። ኮምፒውተሮቹ ከአዲስ አበባ በያገለገለ ዋጋ የተገዙ ሲሆኑ፣ እንጀራ የምታበላው ግን አንዷ ናት፤ ጥሩ ግራፊክስ ካርድ ያላት እርሷ ብቻ ነበረች። የእግር ኳሱን ጌም ለመጫወት ልጆቹ የሚሰለፉት በእርሷ ፊት ነው። መስኮቱ ስክሪኑ እንዲታይ በጥቁር ጨርቅ ተሸፍኗል። ጧት ክፍሏ ትበርዳለች፤ ከሰዓት በኋላ ዐሥራ አምስት ልጅ ሲገባባት ትታፈናለች። በዚያ ሰሞን በጨዋታው መካከል በሜዳው ሣር ላይ ሐምራዊ ነጠብጣብ ይወጣ ጀመር፤ ከዚያም ስክሪኑ ይደርቃል። ልጆቹ ብራቸውን ይጠይቃሉ። በመንገዱ ማዶ አዲስ ማሽን ያስገባ ሌላ ጌም ቤት ስለተከፈተ ነገሩ የሣቅ አልነበረም፤ የቤቱ ኪራይ ባይኖርም የሁለት ታናናሾቹ የትምህርት ወጪ ከዚያች ክፍል ነበር የሚወጣው።

ሁለት ሐሳብ ቀረበ። ጌም ቤቱን የሚያግዝ አንድ የዐሥረኛ ክፍል ተማሪ «ካርዱን እናፍጥነው» አለ። ሪቫቱነርን ከየት እንዳገኘው እንጃ፣ በፍላሽ ይዞት ይዞራል። የማዶው ቤት ጌሙ ሳይቆራረጥ ስለሚሄድ ደንበኛ የሚወስድብን ፍጥነቱ ነው የሚል ነው ክርክሩ፤ ደግሞም ልክ ነበር። አክስቴ ግን ከጓዳ ወጥተው እጃቸውን በኮምፒውተሩ ቆርቆሮ ላይ አሳረፉና «ይኼማ ግሏል፤ ብቅል እንኳ ይገለጥ የለም እንዴ? ለምን አትገልጡትም?» አሉ። ቆርቆሮው ተፈታ። ውስጡ እንደ ጤፍ ዱቄት በደቀቀ ቡናማ ብናኝ ተሞልቶ፣ የካርዱ ክንፎች አይታዩም ነበር።

ጽዳቱ የተከናወነው በጎሚስታው ዘንድ ነው። ካርዱ ተነቅሎ ወደ ጎማ ቤት ተወሰደ፤ ከኮምፕሬሰሩ ቱቦ የሚወጣው ንፋስ ያን ሁሉ ብናኝ ወደ አስፋልቱ በተነው። በዚህ ላይ ሁለት ነገር መታወቅ አለበት። የኮምፕሬሰር ንፋስ ከጋኑ ውስጥ የተጠራቀመ ውኃ ይዞ ሊወጣ ስለሚችል መጀመሪያ ወደ ሜዳ ማስተንፈስ ያስፈልጋል፤ ማራገቢያውም በንፋሱ ኃይል ከልኩ በላይ ዞሮ እንዳይሰበር በጣት ወይም በእንጨት ተይዞ መቆም አለበት። ከዚያ በቺፑና በብረቱ መካከል ያለው ፔስት ታየ፤ ደርቆ እንደ ኖራ ተሰነጣጥቋል። የዚህ ቅባት ሥራ በሁለቱ ገጽ መካከል ያለውን የአየር ክፍተት መሙላት ነው፤ አየር ሙቀት ለማሳለፍ ሰነፍ ነውና። ተማሪው «የጥርስ ሳሙና ይሆናል ይላሉ» አለ። ይሆናል፣ ለጥቂት ቀን፤ ውኃው ሲተን ደርቆ ከቀድሞው ይብሳል። ከአዲስ አበባ ትንሽ ቱቦ ፔስት አስልኬ በሳምንቱ ደረሰ። የስንዴ ፍሬ የምታህል ጠብታ ተቀባ። ወደ 100 ይጠጋ የነበረው ሙቀት ከ80 በታች ወረደ።

ካርዱ ሲቀዘቅዝ ተማሪው ያለውን አደረገ። ምቱን ከ600 ወደ 660 ሜጋኸርዝ አወጣው። ለሦስት ሳምንት ያህል ጌም ቤቱ በሳጉሬ ታይቶ የማይታወቅ ሆነ፤ ከማዶ ቤት የሄዱት ልጆች ተመለሱ። ከዚያ ሐምራዊው ነጠብጣብ እንደገና መጣ፤ ቴርሞሜትሩ ግን ደኅና ነበር።

ምክንያቱን ለመረዳት ወደ ሐምሌ 2008 እ.ኤ.አ. መለስ ማለት ያሻል። በዚያ ወር ኤንቪዲያ በላፕቶፖች ውስጥ በገቡ አንዳንድ ቺፖቹ ላይ በደረሰ ብልሽት ምክንያት ከ150 እስከ 200 ሚሊዮን ዶላር እንደሚያወጣ አስታወቀ። ጉዳዩ ቺፑን ከተቀመጠበት ሰሌዳ ጋር በሚያያይዙት ጥቃቅን የብየዳ ነጠብጣቦችና በዙሪያቸው ባለው ቁስ ላይ ነበር። ብረት ሲሞቅ ይሰፋል፤ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል፤ ሲሊከኑና ሰሌዳው ግን እኩል አይሰፉም። በሞቀና በቀዘቀዘ ቁጥር ብየዳው ይጎተታል፤ ሽቦ ተመላልሶ ሲታጠፍ እንደሚሰበር በመጨረሻ ይሰነጠቃል። ስለዚህ የካርድ ዕድሜ የሚቆጠረው በዓመት ብቻ አይደለም፤ በስንት ጊዜ ሞቆ በስንት ጊዜ እንደቀዘቀዘም ነው። ካሊፎርንያ ያለ ካርድ ጧት ተከፍቶ ማታ ይዘጋል፤ በቀን አንድ ጊዜ። እ.ኤ.አ. በ2009 በአገራችን መብራት በፈረቃ ይታደል እንደነበር የምናስታውስ ሰዎች፣ ከዚያም በኋላ በገጠር ከተሞች መብራት በቀን ስንት ጊዜ ሄዶ እንደሚመጣ የምናውቅ፣ የሳጉሬ ካርድ በአንድ ቀን ስንት ጊዜ እንደሚግልና እንደሚበርድ መገመት አያቅተንም። ብርዱም ራሱ እዚህ ላይ ከጠላት ወገን ይሰለፋል፤ ከ90 ወደ 10 ዲግሪ የሚወርድ ካርድ፣ ከ90 ወደ 30 ከሚወርደው ይልቅ ብዙ ይሰበሰባል። ይህን በየትኛውም የኦቨርክሎክ ታሪክ ውስጥ ተጽፎ አላየሁም። ታሪኩን የጻፉት መብራት የማይጠፋባቸው ሰዎች ናቸው።

በውጭ አገር የተሰነጠቀውን ብየዳ መልሶ ለማቅለጥ ካርዱን በዳቦ መጋገሪያ ኦቨን ውስጥ በ200 ዲግሪ ገደማ ለጥቂት ደቂቃ የሚያስቀምጡ ነበሩ፤ አንዳንዱ ይነሣል፤ ጥቂት ሰንብቶም ይሞታል። በሳጉሬም በምጣድ ላይ እንሞክረው የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። አክስቴ ምጣዳቸውን አልሰጡም። ከእርሱ የሚወጣው ጭስ ከእንጀራ ጋር አብሮ የሚበላ ስላልሆነ ትክክል ነበሩ።

የተደረገው ተንሸራታቹን መስመር ወደ ግራ መሳብ ነው። ከ660 ወደ 600፣ ከ600 ወደ 500። ተማሪው አኮረፈ፤ ማሽን ማዘግየት ለእርሱ ውርደት ነበር። ከዚያ አንድ ብልሃት መጣለት፤ የስክሪኑን ጥራት ወደ 800 በ600 ዝቅ አደረገው። ካርዱ የሚሥላቸው ነጥቦች ሲያንሱ ጌሙ እንደ ቀድሞው ሳይቆራረጥ ሄደ። የተጫዋቾቹ ፊት ትንሽ ደበዘዘ እንጂ ኳሱ አልዘገየም፤ ልጆቹም አላወቁም። መብራት ሲመጣ ኮምፒውተሩን ወዲያው አለመክፈት፣ መስኮቱንም ጧት ጧት ዘግቶ ክፍሏ በልጆቹ ትንፋሽ ለብ እስክትል መጠበቅ የቤቱ ደንብ ሆነ። ነጠብጣቡ በዚያ ዓመት አልተመለሰም።

በእኔ ግምት ይህም ኦቨርክሎክ ከተባለው ጥበብ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። መሣሪያው አንድ፣ ዕውቀቱ አንድ፤ የእርሳሱ ሰውዬ ያልነበረውን ፍጥነት ሲያገኝ፣ የሳጉሬው ልጅ ያልነበረውን ዕድሜ አገኘ። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ከ21 ቢትኮይን ቆፋሪ ድርጅቶች ጋር ውል ማድረጉ፣ ከሁለቱ በቀርም ሁሉም የቻይና መሆናቸው ሲዘገብ፣ እንግዶቹ ከርካሹ መብራት ቀጥሎ የሚያሞግሱት የደጋችንን ቅዝቃዜ ነበር። ስለ ስስነቱ ሲናገሩ አልሰማሁም። ጎሚስታውን ቢጠይቁት ይነግራቸው ነበር።

ያ ካርድ በ500 ሜጋኸርዝ እስከ 2007 ዓ.ም. ሠራ። በመጨረሻ አንድ ቀን መብራት ሄዶ ሲመጣ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ቀረ። ጌም ቤቱ በዚያን ጊዜ ሌላ ማሽን ገዝቶ ነበር፤ ተማሪውም አዳማ ኤሌክትሪክ ይማር ነበር። የአክስቴ ልጅ ሂት ሲንኩን ከነመዳብ ወለሉ ፈትቶ ለቆራሌው ሸጠው። ፋኗን ግን አልሰጠም፤ በ12 ቮልት ስለምትዞር ከስታቢላይዘሩ ጀርባ አሠራት።